አስነጋሪ ያጣ ጉባኤ

ያን ዕለት ሁላችንም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን ነበር። ደረቱ ላይ የትምህርት ቤታችን ስም፣ ጀርባው ላይ «ያሳደገንን አንረሳም» የሚል ታትሞበታል። ቦታው ገሳይ አካባቢ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ስም ግን ይቆየኝ፤ የምለው ነገር የእሱ ብቻ ጥፋት አይደለም። ድንኳን ተተክሏል፣ በግ ታርዷል፣ ከአዲስ አበባ የመጡት የፊቱን ወንበር ይዘዋል። ተማሪዎቹ ከኋላ የጉና ተራራ ብርድ እየጠበሳቸው ቆመው ያዳምጣሉ። ከእንግዶቹ አንዱ ማይክራፎኑን ተቀብሎ በባዶ እግሩ ሁለት ሰዓት እየተጓዘ እንደተማረና ዛሬ የት እንደደረሰ ተረከልን። ጥያቄ ሲፈቀድ አንዲት የ12ኛ ክፍል ልጅ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ የፊዚክስ መምህራችን ከሄዱ ወዲህ አልተተካልንም፤ በራሳችን ነው የምናነበው። ያልገባንን ማንን እንጠይቅ?» አለች። ሰውየው ፈገግ ብሎ፣ «ዋናው በራስሽ ማመን ነው» አላት። ድንኳኑ በጭብጨባ ደመቀ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ያ ጭብጨባ እስካሁን ያሳፍረኛል። ልጅቷ የጠየቀችው ሰው ነው፤ የተሰጣት ምክር። ያውም ሰውየው የተመረቀው በምህንድስና ነበር፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ግማሽ ሰዓት ቢያስረዳት የሚያቅተው አልነበረም።

«የቀድሞ ተማሪዎች» ሲባል አእምሯችን ውስጥ የሚመጣው ሥዕል ይኸው ነው። የቴሌግራም ቡድን ይከፈታል፤ ገንዘብ ያዡ በየማታው የከፈሉትን ሰዎች ዝርዝር ይለጥፋል፤ ከላይ ብዙ የሰጠ፣ ከታች ትንሽ የሰጠ። ከዚያ ባነር፣ ርክክብ፣ ፎቶ። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ ንቅናቄ ሲጀምርም ዋናው ጉዳይ የፈረሰውን ክፍል ማደስና ወንበር ማሟላት ነበር። ክፉ ነገር አይደለም፤ ጣሪያው የሚያፈስ ክፍል ውስጥ የተማረ ሰው ቆርቆሮ አይንቅም። ግን የ12ኛ ክፍልን ውጤት እንመልከተው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው፤ በ2015 ደግሞ 3.2። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ናቸው። ወንበር አጥቶ የወደቀ ይኖራል። የሚያስረዳው አጥቶ የወደቀው ግን ይበዛል ባይ ነኝ።

የእኛ የደቡብ ጎንደር ሰው የሚያስረዳ ሰውን ዋጋ መርሳቱ የበለጠ ይገርመኛል። የድጓው ምስክር ቤተልሔም፣ የዝማሬና መዋሥዕቱ ምስክር ዙር አምባ ያሉት በዚሁ በእኛው አገር ነው። የቅኔ ቤትን ሥርዓት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የኔታ አንድ ናቸው፣ ተማሪው ብዙ። የኔታ ለሁሉም አይደርሱም፤ ስለዚህ ቀደም ያለው ተማሪ አስነጋሪ ይሆናል። ጀማሪው የቆጠረውን ቅኔ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው፤ ቤት ሲሰበር ያቃናል፣ ምስጢሩ ሲጠፋ ይጠይቃል፣ እየሰማም ራሱ ይበረታል። ከፊደሉም ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ዳዊት የሚደግመው ልጅ «ሀ ሁ» የሚለውን ሕፃን ጣቱን ይዞ ያስቆጥረዋል። «ተመርቄ፣ ሥራ ይዤ፣ ሲያልፍልኝ እመለሳለሁ» የሚል የለም፤ ገና ተማሪ ሳለ አስተማሪ ነው። ተመስክሮለት ሲወጣም አገሩ ገብቶ ወንበር ይዘረጋል።

ያው ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ እንደሚያድርም እናውቃለን። የዛሬው የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ከአብነቱ ትምህርት ቤት የወረሰው ይህን ብቻ ነው። አስነጋሪውን ትቶ አኩፋዳውን አንግቶ ወጣ።

በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች ያሉት የተማሪ ማኅበራትም ከዚህ አልወጡም። ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ግቢ ጉባኤ የሚባለው የኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች ስብስብ የሌለበት ዩኒቨርሲቲ ማግኘት ይከብዳል፤ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆች ሲቀበል ግቢ ጉባኤው አብሮ አለ። እዚያ ውስጥ የማደንቀው ነገር አለ፦ የግቢ ቤተሰብ የሚሉት። ከወለጋም ይምጣ ከሐረር፣ አዲሱ ልጅ «አባት» እና «እናት» ይሰጠዋል፤ ከሱ በሁለት ዓመት የሚበልጡ ተማሪዎች ናቸው። ሲያመው ሾርባ የሚያመጡለት፣ ፈተና ሲወድቅ የሚያጽናኑት እነሱ ናቸው። የሽኝቱ ቀን ደርሶ ሲላቀሱ ላየ ሰው ይህ ዝምድና የሚቋረጥ አይመስልም። ይቋረጣል ግን። ሐምሌ ላይ ተመራቂው ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ሲገባ፣ የሒሳቡ መዝገብ የት እንዳለ፣ አምና የትኛው መርሐ ግብር ለምን እንደከሸፈ፣ ከየትኛው የከተማው ሰው ጋር ምን እንደተስማሙ የሚያውቀው ጭንቅላት አብሮ ይሳፈራል። በመስከረም አዲሶቹ የሥራ አስፈጻሚ አባላት ያንኑ ስህተት ከሀ ይጀምሩታል። በአራትና በአምስት ዓመት ሰው ሙሉ በሙሉ የሚቀየርበት ማኅበር ትዝታውን የሚያኖረው የተመረቀው ሰው ዘንድ ካልሆነ የት ነው?

አሜሪካኖቹ የወንድማማች ማኅበር ያሏቸው የኮሌጅ ተማሪዎች ስብስቦች ይህን ቀድመው ተረድተውታል። ጭፈራና መጠጡን ለእነሱ ትተን፣ በየቅርንጫፉ በአካባቢው የሚኖር የተመረቀ አማካሪ የማስቀመጡን ልማድ ብንቀስም አይጎዳንም። የተመረቀው የሚመጣው በየወሩ ስብሰባ ጥግ ይዞ ሊቀመጥና ሲጠየቅ ሊመልስ ነው። (እዚህ ላይ አንድ ዓይነት ሰው ይቅርብን፤ «በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም» እያለ ሊያዝዝ የሚመጣው። እሱ ከሚመጣስ ብሩን ይላክ።)

ለመሆኑ የምንጠራው ማንን ነው? ያለፈለትን። ዋሽንግተን ያለውን፣ ቦሌ ፎቅ የሠራውን። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ተመራቂዎች ግን ገና ጎልማሳ ናቸው፤ ብዙዎቹ መምህር፣ ነርስ፣ የግብርና ባለሙያ ሆነው ከደመወዝ ደመወዝ እየተሻገሩ የሚኖሩ፣ ገና ሥራ ያላገኙም የሞሉባቸው። እነዚህን «አዋጡ» ስንላቸው ቀስ ብለው ከቴሌግራሙ ቡድን ይወጣሉ፤ ጠልተው አይደለም፣ አፍረው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ያላቸው እነሱ ናቸው። የገሳዩን በዓል መለስ ብዬ ሳስበው ወንበር የተሸከሙት፣ ድንኳን የወጠሩት፣ ውሃ የቀዱት እነማን ነበሩ? የዚያው ትምህርት ቤት ልጆች፣ እዚያው ቀርተው ድንች የሚያመርቱ፣ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ፣ ሱቅ የያዙ። ቲሸርቱ አልደረሳቸውም። «የቀድሞ ተማሪ» ለመባል መጀመሪያ አገር ለቆ መሄድ የሚያስፈልግ ይመስል።

በጎ ፈቃድ በዘመቻ መልክ ሲታወጅም ያው ነው። በየክረምቱ ስንት ወጣት ተሳተፈ፣ በገንዘብ ሲተመን ስንት ወጣ የሚል ሪፖርት ይነበባል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የጀመረው የተማሪዎች አገልግሎት ግዴታ ነበር፤ ያ ግዴታ ይመለስ አልልም። ተማሪው ግን ትምህርቱን አቋርጦ አንድ ዓመት ሙሉ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ያስተምር ነበር፤ ሰኞ የት ክፍል እንደሚገባ ያውቃል፣ ልጆቹም ያውቃሉ። እኛ ያጣነው ያን የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ነው።

ከሩቅ ሆኖ «ኑና አስተምሩ» ማለት ቀላል መሆኑ አልጠፋኝም። ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን ጦርነት ውስጥ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። አዲስ አበባ ያለውን ሰው ለምን አልመጣህም ብዬ አልወቅስም። መንገድ ሲዘጋ ግን ቀድሞ የሚቀረው ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ ነው፤ በእግሩ የሚደርሰው አይቀርም። ማኅበሩን በእንግዳ ላይ የሠራነው ሰዎች ማኅበሩ የሚፈለግበት ጊዜ ሲመጣ ባዶ እጃችንን ቀረን።

ስለ ሌላው ይህን ያህል ካወራሁ የራሴንም ልናገር። ከበዓሉ በኋላ ኅሊናዬ አላስቀምጥ ሲለኝ በየቅዳሜው እመጣለሁ ብዬ ተመዘገብኩ። ሦስት ቅዳሜ ሄድኩ። በአራተኛው ልቅሶ ገጠመኝ፤ በአምስተኛው ዘነበ፤ በስድስተኛው አንድ ሺህ ብር ላክሁና ደረሰኙን ቡድኑ ላይ ለጠፍኩ። አሥራ ሰባት ሰው የጸሎት እጅ ላከልኝ።

አሁንም እዚያ የሚገኘው የውሃ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ በትምህርት ከእኔ ሁለት ክፍል ያንስ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ደርሶ፣ ልጆቹን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰብስቦ ፊዚክስ ያስረዳል። የሚጽፈው በድሮ የእህል ቤት በር ላይ ነው፤ ጥቁር ቀለም ቀብቶ ግድግዳው ላይ አቁሞታል። ከጎኑ ማኅበራችን ያስረከባቸው ኮምፒዩተሮች እንደታሸጉ ተደርድረዋል፤ አንዱ ካርቶን ላይ ጠመኔና ማጥፊያውን ያስቀምጥበታል። ያቺ ነጠላዋን ወደ አፏ የሳበችው ልጅ ተፈትና ሄዳለች፤ አሁን የሚመጡት የእሷ ታናናሾች ናቸው።

ባለፈው ሳገኘው ኬሚስትሪ ልያዝልህ አልኩት።

«ኬሚስትሪስ የጤና ጣቢያዋ ልጅ ይዛልኛለች» አለ። «የጎደለኝ ሒሳብ ነው። ጋሼ፣ ሎጋሪዝም ያስታውሳሉ?»

አላስታውስም። ከጎረቤት ልጅ የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ ተውሼ ማታ ማታ እያነበብኩ ነው፤ ሦስተኛው መልመጃ ላይ ተይዣለሁ።