የምድር ትል ማርባት ያሳፍራልን?

ባለፈው ሳምንት በግብርና ክፍለ ጊዜ አንድ ጓደኛችን «የምድር ትል እናርባ» ብሎ ሐሳብ ቢያቀርብ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። ማታ ግን የምግብ ቤት ተረኛ ሆኜ ሁለት በርሜል የድንችና የጎመን ልጣጭ ከኩሽናው ጀርባ ካለው ጉድጓድ ስደፋ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። የሚያስቀው ትሉ ነው ወይስ እኛ? አልኩ። ቻርልስ ዳርዊን እንኳ በ1881 (እ.ኤ.አ.) ስለ ምድር ትሎች መጽሐፍ አሳትሟል። እሱ ያላፈረበትን እኛ ምን ቤት ነን?

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው መሬት በጥልቀት የሚቆፍረው ሳይሆን በሚበሰብስ ነገር ውስጥ የሚኖረው ቀይ ትል ነው። ጥላ፣ እርጥበትና ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ ልጣጩን በልቶ በ2 ወይም በ3 ወር ጥቁር ማዳበሪያ ያደርገዋል። የሚተነፍሰው በቆዳው ስለሆነ ውሃ ሲበዛበት ይታፈናል፤ ሲደርቅበትም ይሞታል። በርበሬ፣ ጨውና ዘይት አይስማማውም። ፌስታልና ባትሪን ግን ትል አያጠፋቸውም፤ ለይቶ ማውጣት የኛ ፈንታ ነው።

«እበት እያለ ትል ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ባደግሁበት ገጠር እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። እናቴን «አታንድጂው» ብላት «ታዲያ በምን ልጋግር?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እንግዲህ ለአፈሩ የቀረለት ልጣጩ፣ የረገፈው ቅጠልና አረሙ ነው።

በእርግጥ የአንድ ሳጥን ማዳበሪያ ለሙሉ ማሳ አይበቃም፤ ዩሪያንም በአንድ ጊዜ አያስቀርም። ለጎመንና ለቃሪያ መደብ ግን ይሆናል። ትሉም ስለሚራባ ሥራ ያጡ የሠፈር ወጣቶች ተደራጅተው ማዳበሪያውን ለችግኝ አፍዪዎች፣ ትሉን ለጀማሪዎች ሊሸጡ ይችላሉ።

ዳሩ ግን የጋራ ሥራ ተራ ከሌለው የማንም አይሆንም። አምና የተከልነው ችግኝ የደረቀው ውሃ ጠፍቶ ነው እንዴ? ተረኛ ጠፍቶ ነው እንጂ!

ነገ ገጠር ተመድበን ጥቁር ሰሌዳ ላይ «የአፈር ለምነት» ብለን እንጽፋለን። የገበሬ ልጅ ግን ከጠመኔው ይልቅ እጃችንን ነው የሚያየው። ስለዚህ መምህራኖቻችን ከኩሽናው ጀርባ 2 ሜትር በ1 ሜትር ቦታ ይፍቀዱልን። የመጀመሪያውን ሳምንት ተራ እኔ እወስዳለሁ። ሁለተኛውንስ ማን ይወስዳል?