እብጠቱ ጥያ፣ መልሱ አዲስ አበባ

የጥያን ትክል ድንጋዮች ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ከሩቅ የሚታየው ቁመናቸው ብቻ ነው፤ ጠጋ ሲሉ ሰይፉ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮ ከመዘገባቸው 36 ድንጋዮች 32ቱ የተቀረጸባቸው ናቸው። ዌቭሌት የሚባለው የሂሳብ ዘዴም ምስልን እንዲሁ ያያል፤ ሰፊውን ቅርጽ ለብቻ፣ ደቃቁን ለብቻ አውጥቶ ይመረምራል።

ይህን ያነሳሁት በካንሰር ምክንያት ነው። በጡንቻ፣ በስብና በመሳሰሉት ላይ የሚወጣው ሳርኮማ ከ50 በላይ ዓይነት አለው። በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች 1 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ብዙ ስለማይታይ ከተራ የስብ እብጠት ጋር ይምታታል። የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት የታማሚዎችን የፔትና የኤምአርአይ ምስሎች በዌቭሌት ጭምር ተንትነው፣ ሳርኮማው ወደ ሳንባ ይዛመት እንደሆነ ቀድሞ ለመገመት ሞክረዋል። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነበር። ታማሚዎቹ ግን 51 ብቻ ናቸው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው በ51 ናሙና ቶሎ አይጨበጭብም።

ለመሆኑ ጭኑ ያበጠ የሶዶ ገበሬ ከዚህ ምን ያገኛል? ኮምፒውተሩ የሚያነበው ምስል መጀመሪያ መነሳት አለበት። ሰውዬው ደግሞ እብጠቱ ስለማያመው ዝም ብሏል። አዝመራው ይሰብሰብ ይላል፤ ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚመጣው ልጁ ይዞት እንዲሄድ ይጠብቃል። ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ግን መሳፈሪያው፣ አልጋው፣ የሚታጎለው ሥራ ሲደመር በሬ ያሸጣል። የጨረር ሕክምናም ቢሆን በአገሪቱ ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ገንዘብ ካለ ቅድሚያ የምሰጠው ለሶፍትዌሩ አይደለም። ከ5 ሳንቲ ሜትር የበለጠ (የእንቁላል ያህል በሉት)፣ እያደገ የሚሄድ ወይም ከሥር የጠለቀ እብጠት ካንሰር አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ መጠርጠር አለበት። ይህን ለማወቅ ሜትር ይበቃል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ልታየው ትችላለች። ቀጥሎ ቡታጅራ ላይ በመርፌ ናሙና የሚወስድ ሐኪም ይሠልጥን። ፎርማሊን ውስጥ የገባ ናሙና በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ምሳና አልጋ አይፈልግም። ፓቶሎጂስቱ አይቶ መልሱን በስልክ ይንገር፤ ገበሬውም የሚሳፈረው ሕክምና እንደሚያስፈልገው ሲታወቅ ይሁን። እያንዳንዱ ናሙና በስካነር ተነስቶ ከተቀመጠ፣ ዌቭሌቱም አንድ ቀን የሚማርበት የራሳችን ምስል ያገኛል።