የመሮጫ ማሽኑ ለማን ነው የሚገዛው?

በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል። እኛም ነገሩ ቤታችን እስኪገባ ድረስ እንደዚያው እናስብ ነበር።

እናታችን ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። ሐኪማቸው በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት ቢያንስ አምስት ቀን እንዲራመዱ አዘዟቸዋል፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በትንሹ ከሚመክረው 150 ደቂቃ ጋር የሚገጥም ነው። እኛ ወንዶቹ ወደ መስጊድ ስንመላለስ ሳናስበው እንራመዳለን። እርሳቸው ግን የሰፈሩ መንገድ ዳገት ሆኖባቸው፣ ክረምት ጭቃው፣ ማለዳ ደግሞ ውሻው አስፈርቷቸው ቤት ዋሉ። ወንድና ሴት ተደባልቆ ሙዚቃ በሚጮህበት ስፖርት ቤት ይሂዱ ማለትም አይታሰብም። ይህን የሰማችው ጅዳ የምትሠራው እህታችን «ለእማ የመሮጫ ማሽን ግዙላቸው» ብላ ገንዘብ ላከች።

ገንዘቡ እንደደረሰ ግን የቤቱ ወጣት ሁሉ ሯጭ ሆነ። አንዱ ወንድማችን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ካልሆነ አለ። ሌላው ትልቅ ስክሪን ያለውን መረጠ። እኛም፣ አላህ ይማረንና፣ ከተማሪዎቻችን ጋር እንደምንከራከረው ስለ ሞተር ጉልበት ስንከራከር ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ እናታችን ሲያዳምጡን ቆይተው «ልጆቼ፣ ለመሆኑ የሚያዝ ነገር አለው?» ብለው ጠየቁን። በዚያች ጥያቄ እጅግ አፈርን። እህታችን በሰው አገር ለፍታ ያገኘችው ገንዘብ በእጃችን ያለ አማና ሆኖ ሳለ፣ የተላከላቸውን ሰው አንድም ቀን አልጠየቅናቸውም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ምርጫችን ሁሉ ከእናታችን ጥያቄ ተነሳ። አረጋዊ ሰው የሚራመድበት ማሽን መያዣው ከፊት ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ጎን ረዘም ብሎ የመጣ መሆን አለበት። መወጣጫው ዝቅ ያለ፣ ሲነሳም በዝግታ፣ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጀምር ቢሆን ይመረጣል። የሚረገጠው ቀበቶ ለእርምጃ 120 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ካለው ይበቃል፤ ለሩጫ ግን 140ና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ስፋቱ 45 ቢሆን እግር አይስትም።

ስለ ሞተሩ አንድ ነገር እንናገር፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። ሻጮች በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚያሳዩት የፈረስ ጉልበት ብዙ ጊዜ ሞተሩ ለቅጽበት የሚደርስበት ከፍተኛው ነው። መጠየቅ ያለበት ሳያቋርጥ የሚሰጠው ጉልበት ነው። ለእርምጃ 1.5 ወይም 2 ይበቃል፤ ዘወትር ለሚሮጥ ሰው ወደ 3 ይጠጋል። የሚሸከመው ክብደትም ከተጠቃሚው ክብደት 20 ኪሎ ያህል ቢበልጥ ማሽኑ አይጨነቅም።

እህታችን መጀመሪያ ከጅዳ ገዝታ ልትልከው አስባ ነበር። ደግነቱ አልላከችውም። እዚያ ድግግሞሹ 60 ኸርዝ ሲሆን ዝቅተኛውም ቮልት ከ220ው ጎን ሲሠራበት የኖረ ነው፤ የእኛ ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከውጭ የሚመጣ ማሽን ጀርባው ላይ የተለጠፈው ቁጥር ሳይነበብ አይሰካ። መብራት ሲጠፋ ቀበቶው ስለሚቆም የእናታችን «የሚያዝ ነገር» እዚህም ላይ ትልቅ ጥቅም አለው።

ከዘመዶቻችን አንዱ «ትልቅ ሴት ማሽን ላይ ወጥታ!» ብሎ ነውር ሊያደርገው ቃጣው። የሙእሚኖች እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በጉዞ ላይ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር መሽቀዳደማቸውን፣ በመጀመሪያው እርሳቸው እንደቀደሙ፣ ቆይቶ ሰውነታቸው ከወፈረ በኋላ ደግሞ ነብዩ እንደቀደሙ ራሳቸው የተናገሩበት ሐዲሥ በአቡ ዳውድ ስብስብ ውስጥ መኖሩን አስታወስነው። ዝም አለ። (በነገራችን ላይ የማሽኑ ቅድመ አያት እ.ኤ.አ. በ1818 ዊሊያም ኩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለእስረኞች ሥራ ያወጣው ትልቅ መንኮራኩር ነው። ሐኪሞች ልብ ለመመርመር በሞተር የሚሠራውን መጠቀም የጀመሩት ከዚያ በጣም ቆይቶ ነው። ስለዚህ ስኳር ያለባቸው እናታችን ከሯጩ ወንድማችን ይልቅ ለማሽኑ ሳይቀርቡ አይቀሩም።)

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር የለውም፤ ማሽኑን ለማውጣት አራት ጎረምሳ ተጠራ። ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ሕፃን ስላላቸው ከመግዛታችን በፊት ሄደን አማከርናቸው፤ የጎረቤት ሐቅ ቀላል አይደለም። ከሥሩ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አነጠፍን፣ ሰዓቱንም ረፋድ ላይ አደረግነው።

ያሳሰበን ግን የልጆቹ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ፔሎተን የተባለው ኩባንያ አንድ ሕፃን ከሞተ በኋላና ከ70 በላይ ሌሎች አደጋዎች ከተነገሩ በኋላ 125 ሺህ ያህል ማሽኖቹን ከገበያ መልሶ ሰብስቧል። ልጆቹ የሚሳቡት በማሽኑ የኋላ ጫፍ፣ በቀበቶው ሥር ነው። ስለዚህ ጀርባው ሁለት ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይኑረው፤ ማሽኑ ሲሠራ ልጅ በክፍሉ ውስጥ አይኑር። ልብስ ላይ የሚቆነጠጠው የደኅንነት ቁልፍ ሲነቀል ማሽኑ አይነሳም፤ ቁልፉን ልጅ በማይደርስበት ማኖር ነው።

በመጨረሻ የገዛነው ባለ 2 የፈረስ ጉልበት፣ ስክሪን የሌለው፣ ጎንና ጎኑ መያዣ ያለው ነው። ሱቁ ውስጥ እናታችን ራሳቸው ወጥተው አሥር ደቂቃ ሞከሩት። በተረፈው ገንዘብ እህታችንን አስፈቅደን ጥሩ ጫማ ገዛንላቸው፤ ስኳር ያለበት ሰው በባዶ እግሩ ማሽን ላይ ሊወጣ አይገባምና። አጠገባቸውም ቴምር አይጠፋም፤ መድኃኒቱ ስኳሩን ዝቅ ቢያደርግባቸው ፈጥነው እንዲቀምሱ።

ወንድማችን አሁንም ውጭ ነው የሚሮጠው። የማሽኑ ቁልፍ ከእናታችን ሙስበሐ ጋር በአንድ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ሁለቱንም የሚያወርዱት እርሳቸው ብቻ ናቸው።