«ስልክህን ክፈት» ሲሏችሁ ሕጉን እወቁ

ወገን! ዛሬ ስለ ስልካችንና ስለ በራችን እናውራ።

ከጀሞ እስከ ሃና ማርያም፣ ከለቡ እስከ ጎፋ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ የሚኖር ወጣት ሁለት ነገር ሲሰማ ልቡ ድንግጥ ይላል፦ በሌሊት በሩ ሲንኳኳና መንገድ ላይ «ስልክህን ክፈት» ሲባል። በዚያች ደቂቃ ብዙዎቻችን ቃል አይወጣንም። ዝም ብለን እንከፍታለን። ፍርሃቱ አንድ ነገር ነው፤ ሕጉን አለማወቃችን ግን ፍርሃቱን እጥፍ ያደርገዋል።

ይኼ መብት ትናንት ከውጭ የመጣ እንዳይመስላችሁ። አባቶቻችን ጉልበተኛን «በሕግ አምላክ!» ብለው ያስቆሙ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት እንኳ ሕግ ከሚፈቅደው ውጪ የሰው ቤት እንዳይበረበርና ደብዳቤው እንዳይከፈት ደንግጎ ነበር። በንጉሥ ዘመን ማለት ነው!

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደግሞ ቤታችሁን፣ ሰውነታችሁንና ንብረታችሁን ከብርበራ ይጠብቃል። በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የምትለዋወጡትንም ይጠብቃል። መብቱ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ ያውም በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። «ከበላይ ታዝዤ ነው» ዝርዝር ሕግ አይደለም።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነገሩን ይበልጥ ያብራራዋል። ቤት የሚበረበረው በፍርድ ቤት ማዘዣ ነው። ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ይዘረዝራል፤ ከዝርዝሩ ውጪ መውሰድ አይቻልም። ፍርድ ቤት ሌላ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚካሄደው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ሴትን የምትፈትሽ ሴት ናት። ያለ ማዘዣ መግባት የሚቻለው ተጠርጣሪ እየተባረረ ቤት ሲገባ፣ ወይም ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃው እዚያ ተደብቋል የሚል ጥቆማ ደርሶ፣ ማዘዣ እስኪመጣ ይሸሻል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲታመን ነው። ልብ በሉ፣ ሕጉ ፖሊስን እጁን አላሰረውም። በር ከፈተለት፤ መግቢያውን ግን ለካለት።

ስልክስ? ስልክ ኪስ ውስጥ ያለ ዕቃ ብቻ አይደለም። የእናታችሁ ድምፅ፣ የጓደኛችሁ ምስጢር፣ የባንክ ሒሳባችሁ እዚያ ውስጥ ነው። ቴሌግራም ከፍቶ ማንበብ ፖስታ ቀዶ ደብዳቤ ከማንበብ በምን ይለያል? ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው፦ መንገድ ላይ ስልክ ማስከፈት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል።

በስውር የሚደረገው ክትትል ደግሞ የባሰ ነው፤ በር አያንኳኳምና። በ2001 የወጣው፣ ሁላችን የምናማርረው የፀረ ሽብር አዋጅ እንኳ ስልክ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። በተግባርስ? ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2006 ባወጣው ሪፖርት፣ ታሳሪዎች በምርመራ ላይ የተቀዳ የስልክ ንግግራቸውን እንዲሰሙ ይደረጉ እንደነበር መዝግቧል። በዚያው ዓመት የቶሮንቶው ሲትዝን ላብ፣ በውጭ አገር ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ከጣሊያን ኩባንያ በተገዛ የስለላ ሶፍትዌር መጠቃታቸውን አጋለጠ። ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊም ኮምፒውተሩ ተሰልሎ የስካይፕ ንግግሩ ተቀድቷል ብሎ ኢትዮጵያን ከሰሰ። በ2009 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት «የውጭ መንግሥት እዚህ አይከሰስም» ብሎ መዝገቡን ዘጋበት። ባሕር ማዶ ያለው ሰው እንዲህ ከሆነ ላፍቶ ያለነውስ?

የ2008ቱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ደግሞ አስቸኳይ ሲሆን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ያለ ማዘዣ ጠለፋ እንዲፈቅድ፣ ምክንያቱንም በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲያቀርብ ይላል። 48 ሰዓት ብዙ ነው። ከዚያ በኋላስ ተጠላፊው መጠለፉን ማን ይነግረዋል? ጥያቄያችን ይኼ ነው።

«ምን የምትደብቀው አለህ?» የሚል አይጠፋም። በርህን የምትዘጋው ሌባ ስለሆንክ ነው እንዴ? ገመና የሁሉም ነው።

አንድ መራራ ነገር ደግሞ እንነጋገር። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ማዘዣ መበርበርን ፈቀደ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት ተፈተሸ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ገልጾ ስጋቱን ተናገረ። ያኔ በጎረቤቱ በር ላይ ያጨበጨበ ነበር። በ2015 ሌላ አዋጅ መጣ፤ በሩ የሌላ ሰው ሆነ። መብት ለምንጠላው ሰው ካልሠራ ለእኛም አይሠራም። የሰው የግል ቴሌግራም ገልብጦ በየገጹ የሚበትን ወጣትም ይኼን ይስማ፦ አንቀጽ 26ን ከመንግሥት እየጠየቅን ራሳችን ማፍረስ አያምርም።

ታዲያ ምን እናድርግ? አትታገሉ፣ አትሳደቡ። በአክብሮት መታወቂያና ማዘዣ ጠይቁ፤ አድራሻውንና የዕቃውን ዝርዝር አንብቡ። ገለልተኛ ጎረቤት ይቁም። የተወሰደው ይመዝገብ፤ ያላነበባችሁት ላይ አትፈርሙ። በጉልበት ከገቡ አትከላከሉ፤ ሰዓቱን፣ ቀኑንና የሆነውን ጻፉ። የታሰረ ሰው ዝም የማለት መብት አለው፤ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ቤተሰብ ይኼን ይቁጠር። አቤቱታችሁን ለኮሚሽኑና ለእንባ ጠባቂ አቅርቡ። መልስ ቢዘገይም መዝገብ ይቀራል።

ይህን ጽሑፍ ለታናናሾቻችሁ አንብቡላቸው፤ ለእናቶቻችሁም አስረዱ። ሌሊት በሩን የሚከፍቱት እነሱ ናቸውና።