ከአንድ አልበም አንድ ዝማሬ

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ የዋለው ዝናብ ጋብ ባለ ጊዜ፣ ዘንድሮ 11 ዓመት የሞላው የልጄ ልጅ ከመደርደሪያው ሥር ተንበርክኮ የሙዚቃ ሲዲዎቼን አንድ ባንድ እያወጣ ሲመለከት ከቆየ በኋላ፣ መያዣው የተሰነጠቀውን አንዱን አንሥቶ፣ «አባባ፣ እዚህ ውስጥ ካሉት መዝሙሮች አንዱን ብቻ ይምረጡ ቢባሉ የትኛውን ይመርጣሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ልጁ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚዘምር ነውና ጥያቄው እንዲሁ የመጣለት አልነበረም፤ እኔም እንዲሁ በመጣልኝ ልመልስለት አልወደድሁም። «ቆይ ልጄ፣ ላስብበት» አልሁት። ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ ሰንብቼ መልሱን ትናንት ማታ ሰጠሁት፤ ለእርሱ በሁለት ቃል የነገርሁትን ግን ለአንባቢ ከነምክንያቱ ላሰፍረው ፈቀድሁ።

አልበሙ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የሚገኘው የኪንግስ ኮሌጅ መዘምራን በ1960ዎቹ ያስቀረጿቸውን ጥንታውያን ዝማሬዎች ሰብስቦ የያዘ ነው (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ)። ኮሌጁን በ1441 የመሠረተው ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ ለቤተ መቅደሱ 16 ብላቴኖች መዘምራን እንዲኖሩት ሠርቶ ነበርና፣ ዛሬም የብላቴኖቹ ቍጥር ያው 16 ነው። ላይኛውን ድምፅ እነርሱ ሲይዙ፣ ከሥር ያለውን ወፍራሙን ድምፅ የሚይዙት በዩኒቨርሲቲው የሚማሩ ጐልማሶች ናቸው። ልክ በእኛ ማኅሌት መዘምራን በቀኝና በግራ ቆመው እንደሚቀባበሉ፣ እነርሱም በሁለት ወገን ፊት ለፊት ቆመው ጸሎተ ሠርኩን ይቀባበሉታል።

የመሠረቱ ድንጋይ በ1446 ተጥሎ ጣሪያው በ1515 የተፈጸመው ቤተ መቅደስ 88 ሜትር ርዝመትና 24 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ጣሪያው ከየዓምዱ ራስ ላይ እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ እየተበተነ በሚገናኝ ጥርብ ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ወደዚያ የወጣ ድምፅ ቶሎ አይመለስም፤ ዘማሪው አፉን ከዘጋ በኋላ እንኳ በአየሩ ላይ ጥቂት ተንሳፎ ይቆያል። ስለዚህ በዚያ ቤት የሚዘምር ሰው ፊደሉን አጥርቶ ካልቈረጠና ጊዜውን ካላረጋጋ፣ የቀደመው ቃል በሚከተለው ቃል ላይ እየተደረበ ዝማሬው ሁሉ ጉም ይሆናል። ከ1957 እስከ 1974 የመዘምራኑ መሪ የነበረው ዴቪድ ዊልኮክስ ይህን ከማንም ይልቅ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በ1944፣ ገና የ24 ዓመት ጐልማሳ ሳለ፣ በኖርማንዲ ውጊያ ስላሳየው ጀግንነት ሜዳይ የተሸለመው ይህ ሰው፣ ከጦር ሜዳ ተመልሶ ዕድሜውን ያዋለው ብላቴኖች አንዲትን ፊደል በአንድ ቅጽበት በአንድነት እንዲጠሩ በማስተማር ነበር። አልበሙን ያደመጠ ሰው ድካሙን ይሰማዋል፤ 16ቱ አንድ አፍ ያላቸው ይመስላሉ።

ከአልበሙ ውስጥ ስሙ በዓለም የወጣው የግሬጎሪዮ አሌግሪ ሚዜሬሬ ነው። አሌግሪ በሮማ ከጳጳሱ መዘምራን አንዱ የነበረ ካህን ሲሆን፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ለሲስቲን ጸሎት ቤት የደረሰው ይህ ዜማ በሰሙነ ሕማማት፣ መብራቱ አንድ ባንድ እየጠፋ በሚፈጸመው ጸሎት ላይ የሚዜም ነበር። ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዳዊት በኦርዮን ሚስት ምክንያት ከበደለ በኋላ፣ ነቢዩ ናታን በገሠጸው ጊዜ፣ ምሕረትን የለመነበት 50ኛው መዝሙር ነው። ሮማውያን እንደ እኛው 50 ብለው ሲቈጥሩት እንግሊዛውያን ግን የዕብራይስጡን ቍጥር ተከትለው 51 ይሉታል። እኔ ይህን መዝሙር በልጅነቴ ዳዊት ስደግም በቃሌ የያዝሁት በመሆኑ፣ የኪንግስ ብላቴኖች በእንግሊዝኛ ሲያዜሙት የሰማሁ ዕለት፣ የገዛ ዘመዴን በሰው አገር፣ የሰው አገር ልብስ ለብሶ ያገኘሁት ያህል ደነገጥሁ።

ዜማው ከጸሎት ቤቱ ቅጥር እንዳይወጣ ይጠበቅ ነበር ይባላል። ሆኖም በ1770 ከአባቱ ጋር ሮማን የጐበኘው ሞዛርት፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ ሰምቶት ወደ ማረፊያው ተመልሶ ከኅሊናው እንደ ጻፈው አባቱ ወደ ቤት በላከው ደብዳቤ መስክሯል፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊው ቻርልስ በርኒ በለንደን አሳተመው። ነገር ግን ዛሬ አድማጩን ሁሉ እጁን በአፉ የሚያስጭነው፣ አንድ ብቸኛ ድምፅ አምስት ጊዜ ወደ ላይኛው «ዶ» የሚወጣበት ሐረግ፣ አሌግሪ ራሱ የጻፈው አይደለም። የሙዚቃ ሊቃውንት መርምረው እንደ ደረሱበት፣ የዜማ ደራሲው ሜንደልሶን በ1831 በሮማ ሰምቶ ከመዘገበው ከፍ ያለ ቅኝት ጋር የሚመሳሰል ቍራጭ፣ በዚያው ምዕተ ዓመት በኋለኛው ክፍል በእንግሊዝ በታተመ የሙዚቃ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከሌላ ቅጂ ጋር በስሕተት ተገጣጥሞ የተወለደ ነው። ስሕተት እንዲህ ያለ ፍሬ ሲያፈራ ማየት ዕፁብ ነገር ነው፤ እኔ በበኩሌ ስለ ስሕተቱ ዜማውን አልቀንስበትም።

ሌላ ግን የማልረሳው ነገር አለ። በአሌግሪ ዘመን በጳጳሱ ጸሎት ቤት ላይኛውን ድምፅ ይይዙ ከነበሩት መካከል በልጅነታቸው የተሰለቡ ሰዎች ነበሩ። የብላቴና ድምፅ አላፊ ነው፤ ጕርምስና ሲመጣ ይሄዳል፤ ያን ድምፅ ላለመልቀቅ ሲባል በሕፃናት አካል ላይ ቢላዋ ተነሥቷል፤ ያውም ምሕረት በሚለመንበት ቦታ ለመዘመር። ይህን ሳስብ ዜማው ራሱ ይከብደኛል። በ1963 በመጋቢት ወር በካምብሪጅ የተደረገው ግን ከዚህ የራቀ ነው። የ12 ዓመቱ ሮይ ጉድማን፣ ራሱ ካደገ በኋላ እንደ ተረከው፣ ከራግቢ ሜዳ እየሮጠ መጥቶ በማይክሮፎኑ ፊት ቆመ፤ አምስቱን ጊዜ ወጣ፣ አምስቱንም ጊዜ ወረደ፤ ከዚያም እንደ ማንኛውም ልጅ ጐረመሰ፣ ድምፁም ተለወጠ፤ እርሱም ቫዮሊን ተጫዋችና የታወቀ የኦርኬስትራ መሪ ሆነ። የሮማ ሰዎች በቢላዋ ሊያስቀሩት የሞከሩትን ድምፅ፣ የቀረጻ መሣሪያ ልጁን ሳይነካው አስቀረው። የዘመናችንን ጥበብ ከማመሰግንባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ሚዜሬሬን ካልመረጥሁ አንባቢ ይገረም ይሆናል። ማድነቅ ሌላ፣ መውደድ ሌላ ነው። ሚዜሬሬን በሰማሁ ቍጥር፣ ያ ድምፅ ሊወጣ ሲቃረብ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ሲወጣ አደንቃለሁ፤ ሲወርድ እፎይ እላለሁ። ከዚህ የተነሣ ጆሮዬ የሚጠብቀው አምስቱን ቅጽበት ብቻ ሆኖ፣ በመካከል ጐልማሶቹ በዝግታ የሚያነበንቡት የንስሓ ቃል ሳልሰማው ያልፋል። ንስሓውን ያላደመጥሁበትን መዝሙረ ንስሓ ወደድሁት ብል ራሴን አታልላለሁ። እንዲሁም ለአንዱ ልጅ ሳደላ 15ቱን መርሳቴ ያሳዝነኛል። በዝማሬ ቤት ያደገ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ አንዱ ጐልቶ የሚሰማው ሌሎቹ ድምፃቸውን ስለ ገቱለት ነው።

የጣሊያናዊው የዜማ ደራሲ የጆቫኒ ፒዬርሉዊጂ ዳ ፓሌስትሪና ሥራዎች የአልበሙን የቀረውን ክፍል ይሞሉታል። በስምንት ድምፅ የተደረሰው ስታባት ማቴር፣ እመቤታችን በመስቀሉ ሥር ስለ ቆመችበት ሐዘን የሚናገረው፣ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ከዐርብ ስቅለት በቀር በሌላ ቀን ላደምጠው ልቤ አይደፍርም። ጸሎተ ማርያምና ሊጦኑም በየወገናቸው ያማሩ ናቸው። እኔ ግን የመረጥሁት ከእነዚህ ሁሉ አጠገብ ሲያዩት እንደ ታናሽ ወንድም የሚመስለውን፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚፈጀውን፣ ስለ አረጋዊው ስምዖን የሚዘመረውን ሴኔክስ ፑዌሩም ፖርታባትን ነው።

ምክንያቴን ልናገር። ጌታ በተወለደ በ40ኛው ቀን ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ አረጋዊው ስምዖን በክንዱ የታቀፈበትን በዓል ምዕራባውያን በፌብሩዋሪ 2 ሲያከብሩት እኛ የካቲት 8 ቀን እናከብረዋለን፤ ይህም በአሮጌው የዩልዮስ አቈጣጠር ያው አንድ ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ስምዖንን መጻሕፍትን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርዕ ከተረጐሙት ሊቃውንት አንዱ ታደርገዋለች፤ ኢሳይያስ ስለ ድንግል የተናገረው ላይ ሲደርስ ስለ ተጠራጠረ፣ ያን ሕፃን በዓይኑ ሳያይ ሞትን እንዳያይ ተነግሮት ብዙ መቶ ዓመት ጠበቀ። የላቲኑ ዝማሬ ይህን ሁሉ አይተርክም። መጀመሪያ የሚያነሣው አንድ ምሥጢር ነው፤ ለዓይን የሚታየው አረጋዊው ሕፃኑን ሲይዝ ቢሆንም፣ በእውነቱ ያን አረጋዊ የሚገዛውና የሚያቆመው ሕፃኑ ነው። ተሸካሚው ተሸካሚ ያይደለበት፣ የተያዘው ያዥ የሆነበት ይህ መገላበጥ፣ ቅኔ ቤት ደጃፍ ረግጦ የሚያውቅን ሰው ሁሉ በተደሞ የሚያስቀምጥ ነው፤ ሰሙ በክንድ ላይ ያለ ሕፃን፣ ወርቁ ዓለምን የያዘ አምላክ።

ፓሌስትሪና ይህን ምሥጢር ሲያዜመው ማንንም ለብቻው አላወጣም። ድምፆቹ እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው እያነሣ ይሄዳሉ። ወፍራሞቹ የጐልማሶች ድምፆች ከሥር ሆነው ብላቴኖቹን ሲያቅፉ ይሰማል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ወዴት እንደሚኬድ የሚያመለክተው ላይኛው፣ የብላቴኖቹ ድምፅ መሆኑን ጆሮ ይረዳል። ማን ማንን እንደ ያዘ መለየት ይቸግራል። ያ ቃል በሴቶችና በወንዶች አዋቂዎች ብቻ ሲዘመር ሰምቼዋለሁ፤ ያማረ ነበር፤ የሚናገረውን ግን ሆኖ አላየሁትም። እዚህ ግን የ10 ዓመት ልጅና ጢም ያወጣ ጐልማሳ በአንድ ትንፋሽ ሲያዜሙት፣ ቃሉ የሚናገረው ነገር በመዘምራኑ መካከል ይፈጸማል። የብላቴኖች ዝማሬ ስንል ብላቴኖቹን ብቻ ማሰባችን ስሕተት መሆኑን ያስተማረኝ ይህ ትንሽ ዝማሬ ነው።

ልጅ ሳለሁ ዳዊት ያስደገሙኝ የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ። ከቤታቸው እስከ ደጀ ሰላሙ ከተማሪዎቹ አንዱ የበትራቸውን ጫፍ ይዞ ይመራቸው ነበር፤ ተራው ለእኔ በደረሰ ጊዜ፣ በመንገዱ ላይ የማጠናውን እየተሳሳትሁ ስል እርሳቸው ከኋላ ሆነው ያርሙኝ ነበር። እኔ ድንጋዩን እነግራቸዋለሁ፤ እርሳቸው ቃሉን ይነግሩኛል። ሴኔክስን ባደመጥሁ ቍጥር የዚያ በትር ልስላሴ እጄ ላይ ይመጣል፤ ስለዚህ ምርጫዬ ከጆሮ ብቻ የመነጨ አይደለም፤ ይህንም አልሸሽግም።

ትናንት ማታ ለልጁ «የስምዖኑን ነው» አልሁት። የሲዲው ጽሑፍ ለእኔ ዓይን እጅግ የረቀቀ በመሆኑ ቍጥሩን ፈልጎ ያገኘውና ማጫወቻውን የነካው እርሱ ነው። ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ፣ ጕልበቱን አቅፎ፣ እስከ መጨረሻው ሳይናገር አደመጠ። ከዚያ የስምዖንን ታሪክ፣ ያን ሁሉ መቶ ዓመት እንዴት እንደ ጠበቀ ነገርሁት። ጥቂት አሰበና፣ «አባባ፣ ያን ያህል ካረጀ ታዲያ ሕፃኑን እንዴት ሳይጥለው ቀረ?» አለኝ።

እንደገና ከመጀመሪያው እንዲያስጀምረው ነገርሁት።