ብር ይቆጠራል፣ ሀብት ይሠራል

በጫግኒም ሆነ በመርካቶ ነጋዴው ትርፉን የሚያሰላው በብር ነው። ከሸጠበት ላይ የገዛበትን ቀንሶ የቀረውን “አተረፍኩ” ይላል። ብር ጸንቶ በሚቆምበት ዘመን ይህ ስሌት ብዙ አያሳስትም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ከለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ከወጣ ወዲህ ግን ስሌቱ ብዙዎችን እያሞኘ ነው። በ100 ብር የገዛውን በ150 የሸጠ ሰው ያንኑ ዕቃ ለመተካት 160 ቢጠየቅ፣ በመዝገቡ አትርፏል፤ በመጋዘኑ ግን ከስሯል። ግብር የሚከፍለው ደግሞ በመዝገቡ ነው።

አባቶቻችን ይህን ከእኛ የተሻለ ያውቁት ነበር። አሞሌ ጨው በጎጃም ገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል፣ ከተቆረጠበት ከአፋር በረሃ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። ጨውነቱ ያው ነው። የጨመረው የሲራራ ነጋዴው ድካምና የአጋሰሱ ጉልበት ነው። አዳም ስሚዝም በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ገንዘብ የዕቃ የስም ዋጋ እንደሆነ፣ እውነተኛው ዋጋ ግን የሰው ድካም መሆኑን አስረድቷል።

ለእኛ ይህን ያስተማረን የራሳችን የገበያ ሰው ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ነበሩ። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው “መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር” የሚለው መጽሐፋቸው፣ ሀብት ማለት ዕውቀት የታከለበት ሥራ እንጂ የተከማቸ ገንዘብ እንዳልሆነ ይሞግታል። ዕውቀት ያነሰው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ ብዙ ደክሞ ጥቂት እንደሚያገኝም ያሳያል።

እስቲ ይህን በጫግኒ መንገድ ላይ እንየው። የመተከል ሰሊጥ፣ ለውዝና አኩሪ አተር በጫግኒ አድርጎ ወደ እንጅባራ ይወጣል፤ ከዚያም በቡሬ በኩል ወደ መሐል አገር ይወርዳል። ሦስቱም የዘይት እህሎች ናቸው። ቡሬ ላይ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ ትልቅ የዘይት ፋብሪካ አለ። አገሪቱ ግን ከምትበላው ዘይት አብዛኛውን የምታስገባው ከውጭ ነው። ሰሊጡ በጥሬው ወደብ ይሻገራል፤ የፓልም ዘይቱ በዶላር ተገዝቶ ይመለሳል።

“ሰሊጥ በጥሬው ዶላር ያመጣል” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ያመጣል። ሰሊጡን አበጥሮ፣ ፈትጎ፣ ቆልቶ ወይም ጨምቆ የሚሸጠው ገዢ ግን ከዚያው ኩንታል ላይ ሌላ ዶላር ያገኛል። ያን ሥራ የጫግኒ ወጣት ሊሠራው ይችል ነበር።

ሥራ ደግሞ ሰላም ይፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ጫግኒ ራንች መጠለያ ውስጥ ነበሩ። አብዛኞቹ አራሽ ነበሩ። እርሻው አራሽ ሲያጣ፣ ሠሪው እጁን አጣጥፎ እርዳታ ሲጠብቅ፣ አገር የምታጣው ብር አይደለም፤ ሀብቱን የሚፈጥረውን ጉልበት ነው። በእንዲህ ያለው ጊዜ እህል ተወደደ ብሎ ደስ የሚለው ደላላ የነገ ገበያውን እየበላ መሆኑን ይወቅ።

ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ነጋዴው ዓመቱን ሲዘጋ በብሩ ብቻ ሳይሆን በኩንታልም ይቁጠር፤ ባለፈው ዓመት ካፒታሉ ስንት ኩንታል ይገዛ ነበር? ዘንድሮስ? ሁለተኛ፣ ሦስተኛ መጋዘን ለመሥራት ያሰበ ባለሀብት ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አክሲዮን ገብቶ የማበጠሪያና የመጭመቂያ መሣሪያ ይትከል። ባንኮችም ለቤትና ለሕንፃ ማስያዣ ብቻ ሳይሆን ለሚሠራ መሣሪያ ማበደር ይልመዱ። ሦስተኛ፣ ነጋዴው የሚያማርርበት የየመንገዱ የኬላ ክፍያ መፍትሔ ይፈለግለት። ዕቃው ላይ አንዲት ላብ ሳያፈስ ዋጋ የሚጨምር ሁሉ ከአራሹና ከሸማቹ ኪስ የሚወስድ ነው።

መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ሰሊጥ ወቅቱን ጠብቆ ይወደድ ይሆናል። ሳይሠራበት ግን አንድ ኩንታሉ ሁለት አይሆንም።