ቺፕ የሌለው የዕቃ መለያ በእርግጥ ርካሽ ነውን?

የንግድ ዕቃን በራዲዮ ሞገድ ለይቶ የሚያሳውቅ መለያ በመጋዘንና በሱቅ ሥራ ላይ ከዋለ ብዙ ዓመታት ሆኗል። ዋጋው እንደ ባርኮድ እንዳይረክስ የሚያደርገው በውስጡ ያለው ቺፕ ስለሆነ፣ ቺፑን አስወግደው መለያውን ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ቀለም ለማተም የሚደክሙ ሊቃውንት ጥቂቶች አይደሉም። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የመለያውን ዋጋ ብቻ ሰምቶ የሚዋዋል ነጋዴ ቢኖር፣ የሒሳቡን ግማሽ ብቻ እንዳየ እናስታውሰዋለን።

ቺፕ ያለው መለያ ሲጠየቅ ቍጥሩን ራሱ ይናገራል፤ ብዙዎች በአንድነት ቢገኙም ተራ ጠብቀው ይመልሳሉ። ቺፕ የሌለው ግን የሚመሰክረው በመልኩ ብቻ ነው። ይኸውም በላዩ የታተሙት ጥቃቅን ቅርጾች እያንዳንዳቸው አንዱን የሞገድ ድግግሞሽ ስለሚያስቀሩ፣ የሚመለሰው ሞገድ በነዚያ ስፍራዎች ጐድሎ ይገኛል። የጐደለውንና ያልጐደለውን ለይቶ ቍጥሩን የሚያወጣው አንባቢው መሣሪያ ነው። በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት 35 ቢት የሚይዝ መለያ አሳይተዋል። ይህ ከ34 ቢሊዮን በላይ ልዩ ልዩ ቍጥሮችን ለመጻፍ ይበቃል፤ በባለ ቺፑ መለያ የተለመደው ግን 96 ቢት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው መለያው ከቤተ ሙከራ ወጥቶ መጋዘን ሲገባ ነው። ከመለያው የሚመለሰው ሞገድ እንደ ሹክሹክታ ደካማ ሲሆን፣ ከቆርቆሮው ግድግዳና ከብረቱ መደርደሪያ የሚመለሰው ግን እንደ ገደል ማሚቶ የጐላ ነው። ስለዚህ አንባቢው አስቀድሞ ባዶውን ስፍራ ይለካና ያን ከኋለኛው ልኬት ይቀንሳል። ዘዴው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ከዚያ በኋላ አንድ የብረት ጋሪ ተገፍቶ ቢያልፍ ስሌቱ ይፋለሳል። ሁለተኛው ዘዴ በጊዜ መለየት ነው። የራዲዮ ሞገድ በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሳንቲሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አንድ ሜትር ርቆ ካለ መለያ ደርሶ ለመመለስ 7 ናኖሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ አንባቢው ከዚህ ቀድሞ የመጣውንና እጅግ የዘገየውን ይተወዋል። ከመለያው እኩል ርቆ የቆመውን መደርደሪያ ግን ይህም አያስቀረውም። ኃይል ጨምሮ እንዳይጮኹ ደግሞ ሕግ ይከለክላል፤ የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ በ3.1 እና በ10.6 ጊጋኸርዝ መካከል ለሚሠሩ ሰፊ ሞገዶች የተፈቀደው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን ሹክሹክታ በቅጽበት የሚለካ መሣሪያ ርካሽ አይሆንም፤ ከመለያው የተቀነሰው ወጪ በአንባቢው ላይ ይመጣል።

በእኛ አስተያየት ከወጪውም የሚከፋ አለ። ርጥበት ያለው ጆንያ በመለያው ሲጠጋ የቅርጹ ድግግሞሽ ዝቅ ይላል፤ ጉድለቱም ከስፍራው ሸሽቶ ወደ ጐረቤቱ ይጠጋል፤ አንዱ ቍጥር ሌላ ቍጥር ሆኖ ይነበባል። ያልተነበበ ዕቃ ዳግመኛ ይቈጠራል፤ በስሕተት የተነበበ ግን ማንም ሳያውቅ በሒሳብ መዝገብ ይገባል። «አላነበብሁም» ብሎ የሚያምን መሣሪያ፣ ገምቶ ከሚመልሰው ይሻላል።

እንግዲህ ገዢው ሙከራው በሻጩ ማሳያ ክፍል ሳይሆን በራሱ መጋዘን፣ ጋሪዎች እየተመላለሱ፣ መለያዎቹም በሞላ ጆንያ ላይ ሆነው እንዲደረግ በውሉ ያጽፍ፤ ያልተነበቡትና በስሕተት የተነበቡትም በአንድ ድምር ሳይደባለቁ በየረድፋቸው ይጻፉለት።